የገና ጾም በቤታችን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ11 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። ኅዳር ሲጋመስ ቤታችን ግራ ይገባዋል። ልጆቹ የጎረቤቱን መብራት እያዩ «የእኛ ዛፍ የታለ?» ይላሉ። ትንሿ በየቀኑ የሚከፈት ቸኮሌት ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ካልገዛችሁልኝ ብላ ታስቸግራለች። ባለቤቴ ሌሊት ስለሚሠራ ጾሙን አይዝም፤ በዚህ ምክንያት እንነታረካለን። ጾመ ነቢያትን እንደ ክርስቲያን ቤተሰብ እንዴት እንቀበለው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ከንትርኩ ልጀምር፤ ከዛፉም ከቸኮሌቱም የሚበልጠው እሱ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሳቸው ጾም የተዉትን ሳይሆን እየጾሙ የሚጣሉትን ነው። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሽት ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ። ስለ ምግቡ አያንሡ። በዓመቱ ውስጥ ስለተቀያየማችሁት አውሩ፤ ይቅር ተባባሉ። ልጆቹ ቢያዩም አይከፋም፤ ሲጣሉ አይተው የለ? ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ለሚተኛ ሰው የጾሙን ሰዓት የሚወስኑለት የንስሐ አባቱ ናቸው። እርስዎ አይደሉም፤ እኔም አይደለሁም። ወደ እሳቸው ይደውል። ማን ጾመ ማን በላ እያሉ መቆጣጠሩን ግን ይተዉት።

አሁን ወደ ጾሙ። ኅዳር 15 ይገባል፣ ገናም ታኅሣሥ 29 ይውላል። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ሁለቱም አንድ ቀን ወደኋላ ይመጣሉ፤ ኅዳር 14 እና ታኅሣሥ 28 ይሆናሉ። በፈረንጆቹ ግን በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ከኖቬምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 6 ነው፤ 44 ቀን። አርባው ሙሴ በሲና እንደጾመው ነው። ሦስቱ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ የሙቀጠም ተራራ የፈለሰበትን ተአምር የምናስብበት ነው። አንዷ የገሃድ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ ናት። ይህን ለትልቁ ልጅ ይንገሩት። የ11 ዓመት ልጅ ተራራ ተነቀለ ሲባል ጆሮውን ያቆማል።

ጾመ ነቢያት የተባለውም ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ ስለጾሙት ነው። ሳያዩት ጠበቁ። ልጆቻችን ደግሞ የሚያድጉት ሁሉ ነገር በአንድ ጠቅታ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት አገር ነው፤ መጠበቅን የሚያስተምራቸው የለም። በእኔ እይታ የዚህ ጾም ትልቁ የቤት ሥራ ይኸው ነው። የቸኮሌቱ መቁጠሪያም የማይመቸኝ ለዚህ ነው። ኃጢአት አልለውም። ነገር ግን አብዛኛው ወተት አለበት፤ በዚያ ላይ በጾም ቀን ሁሉ ጣፋጭ እየሰጠ «ጠብቂ» ማለት ምን መጠበቅ ነው? በምትኩ ትልቁ ልጅ 44 ሣጥን በወረቀት ያስምር። አንዳንዱ ላይ ትንቢት ይጻፍ፤ ኢሳይያስ 7፥14፣ ሚክያስ 5፥2። አንዳንዱ ላይ ሥራ ይጻፍ፤ ለአያት ስልክ መደወል፣ የታመመ መጠየቅ። ትንሿ ቀለም ትቀባው። ባያምርም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ (እረኛ ማለት ነው)። የቤታችሁን ጸሎት በእነዚህ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። በስብከት «እጅህን ከአርያም ላክ» ይባላል፤ ያን ሳምንት የነቢያቱን ታሪክ ያንብቡ። በኖላዊ ዮሐንስ ምዕራፍ 10ን፣ የመልካሙን እረኛ ቃል፣ ልጁ ራሱ ያንብብላችሁ። በአማርኛ ከከበደው በእንግሊዝኛ ያንብበው፤ ዋናው መስማቱ ነው። በመካከሉ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ፣ በ19፣ እሳት ውስጥ የተጣሉትን የሠለስቱ ደቂቅን (የሦስቱን ልጆች) ነገር ለትንሿ ይተርኩላት።

ብርሃንን ለብቻው ያቆየሁት በምክንያት ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 (በዘመነ ዮሐንስ 15) ነው። ጎረቤቱ መብራቱን ሁሉ ያበራበት ቀን ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው ዘመነ ብርሃን ውስጥ ይውላል። «የእነሱ ነው፣ አትዩ» ብሎ መከልከል ልጅን ከማስኮረፍ በቀር አይጠቅምም። ያን ቀን ማታ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ ጧፍ አብሩ። መዝሙር 42ን፣ «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» የሚለውን፣ አብራችሁ ጸልዩ። ጎረቤትንም እንኳን አደረሳችሁ በሉ፤ በዓላቸው ነው።

ዛፉስ? ዛፍ ሃይማኖት አያጠፋም፣ አያጸድቅምም። ካስፈለገ ከዲሴምበር 25 በኋላ ይቁም፤ ያኔ ዋጋውም ይረክሳል። ልጆቹም ገናቸው ገና እየመጣ እንደሆነ ይገባቸዋል።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። ትንሿን አያስጨንቋት፤ ከእናንተ ጋር ሽሮ መብላቷ ይበቃል። ትልቁን እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወይም ትምህርት በሌለበት ቀን ትንሽ ዘለግ አድርጎ፣ እንዲሞክር ጠይቁት። አያስገድዱት። የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም አይስክሬም እያሉ ማብዛቱ ግን አይታየኝም፤ አንዳንድ ቤት የጾም ወጪ ከፍስኩ ይበልጣል! ከሥጋና ከቅቤ የተረፈውን ገንዘብ ልጆቹ በሚያዩት ሣጥን አስቀምጡት። ለማን እንደሚሰጥም እነሱ ይምረጡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ንስሐውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ ያኔ ካህናቱ ፋታ የላቸውም። የልደት ቅዳሴ ጃንዋሪ 6 ለ7 ሌሊት ነው፤ በማግስቱ ሥራም ትምህርትም ሊኖር ይችላል። የባለቤትዎን የሌሊት ፈረቃና የልጆቹን ትምህርት ቤት ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቁ። አራታችሁም አብራችሁ እንድታስቀድሱ ነው።