ሰባኪው እጩ ሲመርጥልን

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነኝ፤ የአንድ የፖለቲካ ፓርቲም አባል ነኝ። ምርጫው ሲቃረብ ሰባኪያችን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የአንዱን እጩ ስም ጠራና «ይህን ሰው የማይመርጥ ክርስቲያን ነኝ አይበል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ የምደግፈው ሌላውን ስለሆነ ፊቴ ነደደ፤ ስብከቱ ሳያልቅ ወጣሁ። ይኸው ሦስት እሑድ ሆነኝ፣ አልተመለስኩም። ጓደኞቼ «ድሮም ሃይማኖትና ፖለቲካ አይገናኙም፤ ወይ ይህን ወይ ያንን ያዢ» ይሉኛል። እውነት ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ መግባት የለበትም? ቤተ ክርስቲያንስ ዝም ማለት ነው ያለባት ወይስ መናገር? አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅዎትም፦ እኔም የፓርቲያችንን ባጅ ደረቴ ላይ አድርጌ መዝሙር ጥናት የገባሁበት ቀን አለ። ይህስ ጥፋት ነው? ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ያሳደረብሽን ነገር እናንሣው። ሰባኪው የተናገረው ቃል ስሕተት ነው። ክርስቲያን የተባልነው በጥምቀት ነው፤ ኮሮጆ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ክርስትናን አይሰጥም፣ አይነጥቅምም። ሰውየው የጠራው የአንቺን እጩ ስም ቢሆን ኖሮም ስሕተቱ ያው ነበር። ያን ቀን ግን ታጨበጭቢ ነበር ወይስ ትወጪ ነበር? ይህን ለራስሽ መልሺ፤ ለእኔ አትጻፊልኝ።

ጌታ ዐሥራ ሁለቱን ሲመርጥ ከአገዛዙ ጋር ሆኖ ቀረጥ ይሰበስብ የነበረውን ማቴዎስን ጠራ። ስምዖንንም ጠራ። ማቴዎስ «ቀነናዊው» ያለውን ይህን ስምዖን ከቃና የመጣ ነው ብለው የሚፈቱ መምህራን አሉ፤ ሉቃስ ግን «ቀናተኛ የሚባለው» ይለዋል፤ ብዙዎችም የሮምን አገዛዝ ለመጣል ከሚቀኑት ወገን እንደ ነበረ ይረዱታል። እንዲያ ከሆነ የገዢው ቀረጥ ሰብሳቢና የገዢው ባላንጣ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ከአንድ ኅብስት በልተዋል ማለት ነው። በቀረጡ ጉዳይ ማንኛቸው ልክ እንደ ነበሩ ወንጌል አልጻፈልንም። እኔ በቦታው ብኖር ሳልጠይቅ አላድርም ነበር።

ወደ ጓደኞችሽ አባባል ልምጣ። «ሃይማኖትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት «የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር አስረክቡ» የሚለውን ቃል ነው። ዓለምን እንደ እርሻ ድንበር ለሁለት የከፈለ አድርገው ያነቡታል። ምዕራፉን ከፍተሽ እዪው፤ ማቴዎስ 22 ነው። ጠያቂዎቹ ፈሪሳውያንና የሄሮድስ ወገኖች ናቸው፤ በሌላ ቀን የማይስማሙ ሁለት ወገኖች ለዚህ ወጥመድ ብቻ ተስማምተው መጥተዋል። ጌታ «የግብሩን ብር አሳዩኝ» ሲላቸው ዲናሩ የወጣው ከእነርሱ ዘንድ ነው። ብሩን አየና «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» አለ። ብሩ የቄሣር ነው፤ ምክንያቱም የቄሣር መልክ አለበት። የእግዚአብሔር መልክ ያለበትስ ምንድን ነው? ዘፍጥረት 1፥27 መልሱን ይሰጣል፦ ሰው። ስለዚህ ግብርሽን ትከፍያለሽ፤ ሕጉን ታከብሪያለሽ፤ ራስሽን ግን፣ ሕሊናሽንም፣ ከአንቺ በተቃራኒ ያለውን ሰውም ጭምር ለቄሣር ማስረከብ አትችይም። የአንቺ አይደሉማ። ይህ ቃል ቤተ ክርስቲያንን ከፖለቲካ የሚያስወጣት ሳይሆን ቄሣርን ከማይገባው ቦታ የሚያስወጣው ነው።

ጴጥሮስም «እግዚአብሔርን ፍሩ፤ ንጉሥን አክብሩ» ብሏል። ለንጉሡ የሰጠው ክብርን ነው፤ ፍርሃትን ለእግዚአብሔር አስቀርቶታል። የአይሁድ ሸንጎ ሐዋርያትን በኢየሱስ ስም እንዳያስተምሩ በከለከላቸው ጊዜ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያለውም ይኸው ጴጥሮስ ነው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ትናገር ወይስ ዝም ትበል? መናገር አለባት። ችግሩ ያለው ለማን መናገር ትችላለች በሚለው ላይ ነው። ለጠላቷ መናገርማ ማን ያቅተዋል! ወዳጇን «ይህ ስሕተት ነው» ማለት ስትችል ነው አፏ የራሷ መሆኑ የሚታወቀው።

1ኛ ነገሥት 22ን ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንብቢው። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብና የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ በሰማርያ በር አደባባይ ልብሰ መንግሥታቸውን ለብሰው በዙፋን ተቀምጠዋል። ሬማት ዘገለዓድ የምትባለውን ከተማ ለመውጋት አስበው ነቢያትን ይጠይቃሉ፤ 400 ያህል ነቢያት በአንድ ድምፅ «ውጣ» ይላሉ። ሴዴቅያስ የሚባለው የብረት ቀንድ ሠርቶ «በዚህ ትወጋቸዋለህ» እያለ ያሳያል። ኢዮሣፍጥን ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ «የምንጠይቀው ሌላ የእግዚአብሔር ነቢይ የለምን?» አለ። 400 ነቢይ ተሰብስቦ ሌላ መፈለግ! አክዓብ ሚክያስ የሚባል አንድ ሰው እንዳለ አመነ፤ «ግን እጠላዋለሁ፤ መልካም ትንቢት ተናግሮልኝ አያውቅም» አለ። ሊጠራው የሄደው መልእክተኛ በመንገድ ላይ ይመክረዋል፦ ሁሉም በአንድ አፍ ለንጉሡ መልካም ተናግረዋል፤ አንተም እንደ እነርሱ ብትናገር ምናለ? ይህን መልእክተኛ ሳነብ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ፤ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ለሚክያስ ያዘነለት ይመስላል። ሚክያስ «እግዚአብሔር የሚነግረኝን ያን እናገራለሁ» አለ። ውጤቱ ጥፊና እስር ቤት ነበር፤ የመከራ እንጀራና የመከራ ውኃ።

ሰባኪያችሁ ስም በጠራ ጊዜ ከ400ዎቹ ጋር ነው የቆመው። የተቃዋሚውን እጩ ስም ቢጠራም ቦታው አይለወጥም። በተቃራኒው ዐውደ ምሕረት ላይ «ድምፅ መግዛት ኃጢአት ነው፤ በሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው፤ የተራበውን የረሳ ሹም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል» ቢል ኖሮ አንቺም፣ የእርሱ ወዳጅም፣ እኩል ትሰሙት ነበር።

ከታሪክ አንድ ደብዳቤ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ390 በተሰሎንቄ ሕዝቡ በአንድ የታሰረ የሠረገላ ተወዳዳሪ ምክንያት ተነሥቶ የጦር አዛዡን ገደለ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በቁጣ አዘዘና ወታደሮች ሕዝቡን ፈጁት፤ የሞቱት 7,000 እንደ ነበሩ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ ጽፏል። የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ለንጉሡ ደብዳቤ ላከ። ንስሐ ካልገባ በእርሱ ፊት ቅዱሱን መሥዋዕት ማቅረብ እንደማይደፍር ነገረው፤ ደብዳቤውን አንተ ብቻ እንድታነበው በገዛ እጄ ጻፍኩት አለው። ጸሐፊም አላየውም። ቴዎዶስዮስ ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ባለውለታ ነው። እንዲያም ሆኖ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በሕዝብ መካከል አለቀሰ፤ ወራትም በንስሐ ቆየ።

ሰባኪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም እንወዳለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ሳስተምር ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ388፣ በኤፍራጥስ ዳር ባለች ቃሊኒቆስ በምትባል ከተማ ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኵራብ አቃጥለው ነበር። ቴዎዶስዮስ የከተማው ኤጲስ ቆጶስ ምኵራቡን መልሶ እንዲሠራ አዘዘ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። አምብሮስዮስ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሟግቶ ንጉሡ ትእዛዙን እንዲያነሣ አደረገው። ያው አባት፣ ያው ድፍረት፣ ያው ንጉሥ ነው። አንድ ጊዜ ለተገደሉት ቆመ፤ አንድ ጊዜ ለአቃጣዮቹ ቆመ፣ የራሱ ወገን ነበሩና። መድፈር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ወዲያ ምን ያስተምረናል?

በሌላ በኩል ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ጨርሶ ሲውጣት ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግሽ ሩሲያን ተመልከቺ። ንጉሧ ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1721 ፓትርያርክነቱን አስቀርቶ በሲኖዶስ ተካው፤ ሲኖዶሱን የሚቆጣጠርም ከካህናት ያልሆነ የመንግሥት ሹም አስቀመጠ። በማግሥቱ ዓመት ካህናት በኑዛዜ የሰሙትን በንጉሡ ላይ የታሰበ ሤራ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። ንስሐ አባትሽ የነገርሽውን ለፖሊስ ሊያደርስ ግዴታ አለበት ማለት ነው! ሩሲያ ፓትርያርክ የሾመችው እንደገና በ1917 ነው።

ካህን ራሱ ሹመት ቢይዝስ? የሐዋርያት ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስና ዲያቆን የዓለምን ሹመት ደርበው እንዳይዙ ይከለክላል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ ትላለች። የተለየ የሆነበት ጊዜ አለ፦ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የቆጵሮስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሦስት ጳጳሳት «ሁለቱ ሥልጣን አንድ ላይ አይሄድም» ብለው ተነሡባቸው፤ ነገሩ እስከ መወጋገዝ ደረሰ። እኔ ከሦስቱ ጳጳሳት ሐሳብ ጋር ነኝ።

ምእመን ግን ሌላ ነው። ዮሴፍና ዳንኤል በባዕድ ንጉሥ ዘንድ ሹማምንት ነበሩ። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች በላከው ሰላምታ ውስጥ «የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ» የሚባል ሰው አለ፤ ሥራህን ተው አላለውም። ራሱም የሮም ዜግነቱን ተጠቅሞ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» ብሏል። ስለዚህ ፓርቲሽን ተዪ አልልሽም። የምጠይቅሽ፦ በፓርቲሽ ስብሰባ ላይ እጅሽን አውጥተሽ «ይህ ያልነው እውነት አይደለም» ብለሽ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ከሰባኪው ጋር ያለሽ ልዩነት የእጩ ስም ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? እሑድ ተመለሺ። ሦስት ሰንበት ከቅዳሴ የቀረሽው አንቺ እንጂ ሰባኪው አይደለም። ከዚያ ሰባኪውን ብቻውን አግኚው፤ ማቴዎስ 18 «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ይላል። ፌስቡክ ላይ አትጻፊበት፤ የቪዲዮውን ቁራጭ ለማንም አትላኪ። አምብሮስዮስ በገዛ እጁ የጻፈው ለምን እንደ ሆነ አስቢ። ባይሰማሽ ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ተመለሺ፤ ያም ካልሆነ ለደብሩ አስተዳዳሪ አቅርቢ። እስከዚያው የማትደግፊውን እጩ በስሙ እየጠራሽ ጸልዪለት። «እንዲሸነፍ» ብለሽ አይደለም ታዲያ።

ስለ ባጁ የጠየቅሽው ቀላል ነው። በሩ ላይ አውልቀሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፤ ስትወጪ መልሰሽ ብታደርጊው ማንም አይከለክልሽም። አጠገብሽ ቆማ የምትዘምረው ልጅ የማንን እንደምትደግፍ አታውቂም፤ ድምፃችሁ ግን አንድ ላይ መውጣት አለበት።