መልስ፦ ከሦስቱ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ጉባኤዎች፣ ከፒጂኮንፍ ዩሮፕ፣ ከፒጂኮንፍ ዴቭና ከፎስደም ፒጂዴይ፣ የቱ ይሻለኛል?

የምትሠራበት ባንክ የሚከፍልልህ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሥራህም እንዳልከው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ)፣ ሬፕሊኬሽን (ዳታውን ወደ ሌላ ሰርቨር ማባዛት) እና የሚንቀራፈፍ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ማስተካከል ከሆነ፣ ፒጂኮንፍ ዩሮፕ ሂድ።

ፒጂኮንፍ ዴቭ ስሙ ቢመሳሰልም በዋናነት የፖስትግሬስን ኮድ ራሱን ለሚጽፉት ነው፤ እስከ 2023 ኦታዋ ላይ ፒጂኮን ይባል የነበረው ማለት ነው። ፓች (የኮድ ማሻሻያ) የማትልክላቸው ከሆነ ግማሹ ወሬ ያልፍሃል። የብራስልሱ ፎስደም ፒጂዴይ ደህና ነው፣ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። ለእሱ ብቻ ከቦሌ መነሳት አያዋጣም።

ካላመንከኝ የፒጂኮንፍ ዩሮፕንና የፒጂኮንፍ ዴቭን ያለፈ ዓመት ፕሮግራም ጎን ለጎን ክፈት። ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ ቢሮህ ስትገባ የሚጠብቅህን ችግር የሚነካው ስንቱ ርዕስ ነው? በእነሱ ላይ ምልክት አድርግና ወረቀቱን ለአለቃህ ስጠው፤ ከረጅም ደብዳቤ ይልቅ እሱ ያሳምነዋል።

ቪዛውን ግን ተጠንቀቅ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ቀጠሮ መጠበቁ ለብቻው ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ስለሆነ በዚያው ሰሞን ግባ። ከኛ ቢሮ አንድ ልጅ ቪዛው የወጣለት ጉባኤው ካለቀ በኋላ ነበር፤ በስንት መከራ የተገኘው የምዝገባ ዩሮ ውሃ በላው። አንተ ከመክፈልህ በፊት ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጻፍ፦ የግብዣ ደብዳቤ መቼ ትሰጣላችሁ? ቪዛ ብከለከል ገንዘቡን ትመልሳላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ያዝ።