የወፍ በሽታ፣ ቢጫ ወባ ወይስ ቢጫነት?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። እናቴ «የወፍ በሽታ ነው» አለች። ጎረቤታችን «ቢጫ ወባ» አለች። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ነርሷ «ቢጫነት ነው» አለችን። የቱ ነው ትክክል? ለትልቅ ሰውስ ስሙ ያው ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ጤና ጣቢያ በመውሰዳችሁም ደግ አደረጋችሁ።

ከሦስቱ አጥብቄ የምቃወመው «ቢጫ ወባ»ን ነው። ቢጫ ወባ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት። ድሬዳዋ ኤደስን ታውቃታለች፤ ደንጊንና ቺኩንጉንያን ያዛመተችብን እሷ ናት። በስሙ ውስጥ «ወባ» ስላለ ብዙ ሰው የወባ ዓይነት ይመስለዋል። አይደለም። ብርቱ ወባም ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን «ቢጫ ወባ» አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው ቢጫ ወባ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ይህን ስም ለሦስት ቀን ሕፃን መስጠት አራስ እናትን በከንቱ ማስደንገጥ ነው።

የእናትዎን «የወፍ በሽታ» አልነቅፍም። በሽታውን የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ከሚል እምነት ጋር ብዙዎች ያያይዙታል። እምነቱ ልክ ባይሆንም ስሙን ሁሉም ይረዳዋል። ግን «የወፍ በሽታ ያዘው» ስንል ጉበቱ ታመመ ማለታችን ነው። ለትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ሄፓታይተስ፣ መጠጥ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ የሐሞት ጠጠርም ሊሆን ይችላል። ሐረር ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምንም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

የሕፃኑ ጉበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አልታመመም፤ ገና አልጠነከረም እንጂ። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበቱ ቶሎ ስለማያስወግደው በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ወራቸው ሞልቶ ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6 ያህሉ ላይ ይታያል። አብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። «ቢጫነት» ዓይን ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ምክንያቱን ለምርመራ ይተዋል። ነባር ግስ ከፈለጉም «ዓይኑ ወየበ» ማለት ይቻላል። የመነኮሳቱ ቢጫ ልብስ «ወይባ» የተባለው ከዚሁ ግስ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስሙን ትተው ያዩትን ይናገሩ፦ መቼ እንደጀመረ፣ የት ድረስ እንደወረደ፣ ሽንትና ሰገራው ምን እንደሚመስል። ቢጫነቱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ አልነቃ ካለ ወይም ሰገራው ከነጣ ግን አይደር፤ ወዲያው ይውሰዱት። ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ሕክምና ልዩ ሰማያዊ ብርሃን ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ አይተካውም፤ ሕፃኑን ያቃጥለዋል።