ጆሮዬ ሌት ተቀን ይጮሃል፤ እንዴት ተስፋ ሳልቆርጥ ልኑር?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮሁብኛል፤ ማታ ጸጥ ሲል ይብስብኛል። ሐኪም መርምሮኝ «የመስማት አቅምህ ቀንሷል፣ ሌላ ችግር የለም፣ ልመደው» አለኝ። ቤተሰብም «በጎ በጎውን አስብ» ይሉኛል። እንዴት ነው የሚለመደው?

መልስ፦ ይለመዳል፤ ግን መንገድ አለው። የወፍጮው ድምፅ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ስስ ሴሎች ሲጎዳ ወደ አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ይቀንሳል። አንጎልም የጎደለውን ሊያካክስ ሲል የራሱን የመስማት ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ ጩኸቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ እንደሆነ ይታመናል። ለዚህም ነው ጸጥታ የሚያብስብዎ።

ስለዚህ ማታ ክፍሉን ጭር አያድርጉት። ለድምፁ ብሎ ቬንትሌተር መክፈት ለመንዝ ብርድ አይሆንም፤ ሬዲዮኑን ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቁመው «ሽሽ» የሚለውን ድምፅ ይክፈቱ፤ በስልክ የተጫነ የዝናብ ድምፅም ይሆናል። ዋናው ልኩ ነው፦ የጆሮዎ ጩኸት ከሬዲዮኑ በላይ በትንሹ መሰማት አለበት። ሙሉ በሙሉ ከሸፈኑት ለዚያች ሌሊት ያርፋሉ እንጂ አንጎልዎ መልመድ ሊያዳግተው ይችላል። ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ አያድርጉ፤ ሬዲዮኑን ከራስጌ ራቅ አድርገው እስኪነጋ ይተዉት። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ጋቢዎን ደርበው ይነሱ፤ ቀላል ነገር ሲሠሩ ቆይተው እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ።

በጎ ማሰብ ማለት «አይጮህም» ብሎ ራስን ማታለል አይደለም። ብዙዎችን የሚጎዳው ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ቀነሰ?» እያሉ ማዳመጥ ነው፤ አንጎል ይህን ድምፅ እንደ አደጋ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ይልቅ በሳምንት አንዴ «ይህ ጩኸት የትኛውን ሥራዬን አስቀረብኝ?» ብለው ይጠይቁ። «ላብድ ነው» የሚል ሐሳብ ሲመጣ «ጆሮዬ በመጎዳቱ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ አያሳብደኝም» ብለው በቃል ይመልሱለት። ለውጡ በወራት እንጂ በቀናት አይታይም፤ ሲደክምዎ ወይም ጉንፋን ሲይዝዎ ቢብስ ወደ ኋላ ተመለስኩ አይበሉ። ጭንቀቱ ከበረታ ሐሳብንና ልማድን በንግግር የሚያስተካክለው የሥነ ልቦና ሕክምና በእጅጉ ይረዳል። የመስማት አቅምዎ ስለቀነሰም ስለ መስሚያ መሣሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለብዙዎች ጩኸቱን ያቀልላል።

ወፍጮ ቤት ውስጥ በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮን ሊጎዳ ወደሚችለው ወደ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ማለት ነው። ጥጥ አይበቃም። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ በጣት አጥብቀው ያጠቅልሉ፤ ጆሮዎን በሌላ እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ያስገቡ፤ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ቤት ሲገቡ ግን ያውልቁት። የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨምሩ፤ በክብሪት እንጨትም አይጎርጉሩ። ጸበል ሲጠመቁ ውኃው ጆሮዎ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ በተለይ ታምቡርዎ ተቀዶ ከሆነ።

አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነም ይመርመሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ለአንድም ሌሊት ብቻዎን አይደሩ፤ ለቅርብ ሰው ተናግረው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።