አውሰርገፊልድ ማለት የዛሬው ክቪልዳ ነው

በድሮው የጀርመንኛ ካርታ ያየኸው አውሰርገፊልድ ዛሬ የጠፋብህ ስሙ ስለተቀየረ ነው እንጂ መንደሩስ አለ። «ክቪልዳ» ብለህ ፈልግ። ቼክ ውስጥ፣ ሹማቫ ተራሮች ላይ፣ ከጀርመን ድንበር ብዙም ሳይርቅ ታገኘዋለህ። 1,065 ሜትር ላይ ነው፤ በአገሪቱ የራሳቸው አስተዳደር ካላቸው መንደሮች እንደሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የለም፣ ብርዱም የዋዛ አይደለም። ያ ፕራግን አቋርጦ የሚያልፈው የቭልታቫ ወንዝ ምንጩ ከመንደሩ በስተደቡብ ጫካው ውስጥ ነው፣ በእግር ይኬዳል።

ነዋሪው ለረጅም ጊዜ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946፣ አብዛኛው ሲባረር የጀርመንኛው ስምም አብሮ ቀረ። ድንበሩ ጥግ የነበሩት እንደ ቡቺና ያሉት መንደሮች ደግሞ በኮሚኒስቶቹ ዘመን ጭራሽ ፈርሰዋል፣ ስለዚህ ካርታህ ላይ ያለውን ሁሉ አገኛለሁ ብለህ አትድከም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እዚያው አጠገብ ኢነርገፊልድ የሚባል አለ፣ እሱ ሆርስካ ክቪልዳ ነው፣ ሌላ መንደር። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ግማሽ ቀን የማይገናኝ ነገር ሳገናኝ ውያለሁ።