ስትቀሩ የሚታወቅባችሁ ማኅበር ይኑራችሁ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከይፋት፣ ከቡልጋ ተነስታችሁ ለሥራም ሆነ ለትምህርት ደብረ ብርሃን ለገባችሁት ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ሠርቻለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። ግን ሰው ሲታመም ማን እንደሚመጣለት፣ ማን እንደማይመጣለት በዓይኔ እያየሁ ነው የኖርኩት።

ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ቶሎ ከምንጠይቀው ነገር አንዱ «አስታማሚ አለህ?» የሚል ነው። ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ካለ ማዘዣውን ይዞ የሚሮጠው አስታማሚ ነው። ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራው፣ አጥሚት የሚያመጣው፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምቶ ለቤተሰብ የሚያስረዳው እሱ ነው። የገጠር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከነዘመዱ፣ ከነጎረቤቱ ይመጣል። እኛን የሚያስጨንቀን ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖረው ወጣት ነበር። ስልኩ በስም የተሞላ ነው። «ለማን እንደውልልህ?» ሲባል ግን ዝም ይላል። እናቱን ማስደንገጥ አይፈልግም። ጓደኛው ፈረቃ ላይ ነው። አከራዩ የአባቱን ስም እንኳ አታውቅም።

ያው ልጅ ቅዳሴ የማይቀር ሊሆን ይችላል። ይሄ ነው ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። እሁድ በጠዋት ተነስቶ፣ በዚያ ብርድ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በብዙ መቶ ሰው መሀል ቆሞ ያስቀድሳል። ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው እሁድ ቢቀር ግን ማንም ልብ አይለውም። ቅዳሴው ጎድሎበት አይደለም። ቅዳሴ የሁሉም ነው፤ ማን መጣ ማን ቀረ እየተባለ ስም የሚጠራበት ቦታ አይደለም። ለዚህ ለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሌላ ነገር አበጅተውልናል፤ ማኅበር።

ብዙዎቻችሁ ማኅበር ሲባል የትልልቅ ሰዎች ዳቦና ጠላ ብቻ ይመስላችኋል። እስኪ የጽዋ ማኅበርን አሠራር ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ በዓል ይመረጣል፤ ሚካኤል ከሆነ በ12፣ ኪዳነ ምሕረት ከሆነች በ16፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ በ27። በየወሩ በዚያ ቀን በየተራው አንዱ ቤት ይጠጣል። አባላቱ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር 12 ናቸው። 12 ሰው፣ 12 ወር፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንዴ ተራው ይደርሰዋል ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሁሉንም ቤት አይታችኋል። ማን እንዴት እንደሚኖር፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን እናት አልጋ ላይ እንደዋለች ታውቃላችሁ። ሰንበቴ ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቅጥር ግቢው ውስጥ ነው፤ ነዳያንም አብረው ይቀምሳሉ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ለብቸኛ ወጣት ግን እኔ ጽዋውን አስበልጣለሁ፤ በተራው ቤታችሁ ስለሚመጣ።

የእኛ ማኅበር የማርያም ነው፣ በ21። ተረኛዋ ቄጠማ ጎዝጉዛ ትጠብቃለች። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ይገባል። ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከሥዕሏ ፊት ተቀምጧል፤ ጧፍ በርቶለታል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ቁራሹ ለሁሉም ከደረሰ በኋላ ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። «የዳቦ ቤቷ ልጅ የት ቀረች?» ይላሉ። አንዱ ያውቃል። እናቷ ታማባት መሐል ሜዳ ሄዳለች። ማን እንደሚደውልላት እዚያው ይወሰናል። ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ብር ይዋጣል። የእሷ የዳቦ ቁራሽ በወረቀት ተጠቅልሎ ለጎረቤቷ ይሰጣል። ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል።

እኔ ለእያንዳንዳችሁ የምመኘው «የት ቀረች?» የምትለዋን ያቺን ጥያቄ ነው።

በሥራዬ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት ይወሰዳል። አደገኛው ጊዜ ሰውየው ሲሻለው ነው። ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይስማማዋል፣ ዳንኩ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድና ብሶ ሊመለስበት ይችላል። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒቱን ፊታችን እንዲውጡ የምናደርገው። አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር። ለማኅበሩ ሁሉ አልተናገረም፤ ለሁለት ማኅበርተኞች ብቻ ነበር የነገራቸው። እነሱም ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላሉም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በእሱ በኩል ያልፋሉ፤ ጤና ጣቢያ አድርሰውት ይሄዳሉ። ሲሻለው «ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልሂድ» አለ። ሂድ አሉት፤ ግን መድኃኒቱን ከእኛ ተቀብለው፣ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ጠይቀው፣ አንደኛው አብሮት ሄደ። ጸበሉንም ጠጣ፣ መድኃኒቱንም ዋጠ። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ የታወቀ ነው። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ የሚያጣሉአቸው ሰዎች ናቸው። ልጁ 6 ወሩን ጨረሰ። እኛ ካርዱ ላይ ቀን እንጽፍ ነበር፤ ያስጨረሱት ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

ይህ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነገር ብቻ አይደለም። የወንጌላውያን አማኞች የቤት ኅብረት ይሉታል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወሰደ፣ መሪዎች ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆዩ። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የአምልኮ ሥርዓታችን ይለያያል፤ ይህንን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ደግሞስ የሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖች የት ነበር የሚሰበሰቡት? በማርቆስ እናት በማርያም ቤት፣ በአቂላና በጵርስቅላ ቤት። ነገሩ ከሥሩ የቤት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁት ግቢ ጉባኤ የሚባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት አላችሁ። ማኅበረ ቅዱሳን ከተመሠረተበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ተማሪ በዚያ በኩል እንዳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማችን በየዓመቱ እነዚህን ልጆች ታያለች፤ ሲዘምሩ ደስ ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከምርቃት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ግቢ ውስጥ ኮርሱም መዝሙሩም በተዘጋጀ ሰዓት ይቀርብላችኋል፤ ጓደኛችሁ ከዶርም ይቀሰቅሳችኋል። ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ የሚቀሰቅስ የለም። በአዲስ ከተማ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙው ልጅ የሚጠፋው ክዶ አይደለም፤ የሚጠራው ስላጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ስትመደቡ ቤት እንደምትፈልጉት ሁሉ ማኅበርም ፈልጉ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ቆይታችሁ ከለመዳችሁት በኋላ ብቻ መሆን ይጥማል፤ ያን ጊዜ ይከብዳችኋል።

«ስብከቱን በዩቲዩብ እሰማለሁ፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን» የምትሉኝ አላችሁ። ስሙ፣ ጥሩ ነው። እኔም እሰማለሁ። ግን ዩቲዩብ ላይ ያለው መምህር መታመማችሁን አያውቅም። ግሩፑ ላይ ሦስት ወር ዝም ብትሉ የሚጠይቃችሁ ስንት ሰው ነው? ቴሌግራሙን ለቀጠሮ ማስታወሻ አድርጉት፤ በቂው ነው።

ማኅበርን የሚገድለው ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። ድግስ ነው። አንዷ በተራዋ በግ ታርዳለች። ቀጣዩ እንዳያንስ ብሎ ይበደራል። ሦስተኛዋ አቅም የላትም፤ ታፍራለች፤ ተራዋ ሊደርስ ሲል «ሥራ በዛብኝ» ብላ ትቀራለች። በዚያው ቀረች። ያቺ ናት እኮ ማኅበሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋት! እናንተ ስትጀምሩ የሚቀርበውን ነገር ወስኑ። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ ወይም ሻይ። ከዚያ በላይ የሚያቀርብ ሰው ይቀጣ፤ ቅጣቱንም ለነዳያን ስጡት። በሁዳዴና በፍልሰታ ሽሮና ክክ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ማንም እንደማያፍር አስተውሉ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ይሁን።

ሌላው ምስጢር ነው። ቤት ውስጥ የተሰማ ችግር ውጭ ከወጣ ማኅበሩ አለቀለት። በሕክምና የበሽተኛን ምስጢር ማውጣት ነውርም ጥፋትም ነው። ማኅበርተኛም እንደዚያው መጠንቀቅ አለበት። ወሬኛ ካለ በሽማግሌ ምከሩት፤ እምቢ ካለ አሰናብቱት።

መጣላት አይቀርም። የድሮዎቹ ሥርዓት እዚህ ላይ ጥበብ አለው። የተጣሉ ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ጽዋውን አይጠጡም። ቄሱና ሙሴው መሀል ገብተው ያስታርቃሉ። ወር በመጣ ቁጥር ያኮረፈ ሰው ይህን በር ማለፍ አለበት። እናንተ የቂም ነገር ስትሰሙ «ብሎክ አድርጌዋለሁ» ትላላችሁ። ማኅበር ውስጥ ብሎክ የለም፤ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። ይህ ለትዳርም ለሥራም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ዕድሜያችሁ እኩል የሆነ ብቻ አትሰብስቡ። ቢቻል አንድ ሁለት ትልልቅ ሰው ይኑር። የ22 ዓመት ልጅ ለ22 ዓመት ልጅ ያለው ምክር ውስን ነው። ቄስም ይኑራችሁ፤ ያለ አባት የተሰበሰበ ቡድን ቶሎ ወደ ክርክር ወይም ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። ደግሞም «የእኛ ማኅበር» እያላችሁ ከቀረው ምእመን አትለዩ። እንግዳ ቢመጣ ቦታ ይለቀቅለት። ማኅበር ስለጠጣችሁ ቅዳሴ አይቀርም።

የምትገቡበት ማኅበር ካጣችሁ አራት ሆናችሁ ጀምሩ። 12 እስኪሞላ አትጠብቁ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ቀን ይምረጡላችሁ። ፈረቃ ሠራተኞች ከሆናችሁ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሁድ አድርጉት። ስትጀምሩ ያንዳንዳችሁን የቤተሰብ ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሙሴው ዘንድ አስቀምጡ፤ የስልካችሁ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ የሰንበቴ ቤት እንዲፈቀድላችሁ ሰበካ ጉባኤውን ጠይቁ። አከራያችሁ ሰው መሰብሰብ ካልወደደች ደግሞ አስቀድማችሁ አስረዷት፤ ለመጀመሪያው ቀንም እሷን ራሷን ጥሯት።