ከሠንጠረዡ በፊት ሽምብራ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች በቃሉ ይወጣቸዋል። አቶም ምንድን ነው ስለው ግን ዝም ይላል። ከየት ልጀምርለት?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር የሰፈር ልጆችን ኬሚስትሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ይሄ ነገር በየዓመቱ ይገጥመኛል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ስሙን አስጠናናቸው እንጂ ነገሩን አላሳየናቸውም።

የንጥረ ነገሮቹን ሠንጠረዥ ለጊዜው እጠፊው። ሰፌድ አምጪ። አቶም የሚሠራው ከሦስት ዓይነት ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው፤ ሽምብራው ፕሮቶን፣ አተሩ ኒውትሮን፣ ምስሩ ኤሌክትሮን ይሁን። (ኤሌክትሮን ከፕሮቶን 1,800 ጊዜ ገደማ ስለሚቀል ጤፍ ይመጥነው ነበር፤ ግን ለመቁጠር አይመችም።) 6 ሽምብራና 6 አተር መሃል ላይ ይከምር፣ 6 ምስር ዙሪያውን ይበትን። ካርቦን ሠራ ማለት ነው። ቡና የምታፈሉበት ከሰል በአብዛኛው እሱ ነው። አሁን 2 አተር ጨምሪበት። ከበድ አለ እንጂ ያው ካርቦን ነው፤ ካርቦን 14 የሚሉት። አተሩን መልሺና 1 ሽምብራ ጨምሪ። ናይትሮጅን ሆነ! ንጥረ ነገሩን የሚለየው የፕሮቶን ቁጥር ብቻ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

ምስሩ ላይም ቆም በሉ። አንዲት ተማሪዬ ሶዲየምን ሠራች፤ 11 ሽምብራ፣ 12 አተር፣ 11 ምስር። «ከክሎሪን ጋር ሲዋሃድ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል» ስላት አንዷን ምስር አነሳች። የቀረውን ቆጠረች። «10 ሆነ። ኒዮን ሆነ ማለት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስታዬ ልክ የለውም። መልሱን አልነገርኳትም። «እስቲ ሽምብራውን ቁጠሪ» አልኳት። በጣቷ እየነካች እስከ 11 ቆጠረችና ቀና አለች። «ሶዲየም ነው! የሄደው ምስሩ ነው።» አዮን የሚባለው ነገር፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሰጠ ወይም የተቀበለ አቶም፣ ያን ቀን ገባት። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እንዲህ አንዱን የሰጠው ነው።

ሰፌዱ የማያሳየው ርቀቱን ነው። አስኳሉ፣ ማለትም መሃል ላይ የከመርነው ሽምብራና አተር፣ በሙሉ አንድ ሽምብራ ቢያክል፣ አቶሙ በግምት ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሆናል፤ 380 ሜትር። እናንተም እዚሁ ናችሁና አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ውሰጂው። ሽምብራዋን ይዞ መሃል ላይ ይቁምና ወዲያና ወዲህ ይመልከት። ደብተሩ ላይ ያለው ሥዕል ይህን ሊያሳየው አይችልም።

ምልክቶቹ አያስጨንቋችሁ። ሶዲየም «ኤንኤ» የተባለው ናትሪየም ከሚለው የላቲን ስሙ ነው። ብረትም «ኤፍኢ» የሆነው ፌሩም ከሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ንገሪው። የሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ ያው ካርቦን ከሸክላ አፈር ጋር። እርሳስ የሚባለው ንጥረ ነገር 82 ፕሮቶን አለው። በአማርኛ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ልጅ ይምታታበታል። 82 ሽምብራ ልቁጠር ካለሽም አትከልክዪው፤ ይቁጠር።